የግሽ ዓባይ እንግዶችና የምዕራብ ጎጃም መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን ቁልቁለት ወርዶ በደጀን አቀበት የወጣ መንገደኛ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ከዚያ ጥቂት እንደ ቀጠለ ቡሬን ያገኛል። ቡሬ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ያቀናል፤ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ ዓባይን ዳግመኛ ይሻገርና ነቀምቴ ይገባል። ከእነዚህ ሁለት ከተሞች በስተሰሜን ደግሞ የሰከላ ደጋ አለ። በዚያ ደጋ ላይ፣ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ ግሽ ዓባይ የሚባለው ምንጭ ይገኛል።

በዓለም ላይ ሰው ስለ ውሃ ሲል የሚጎበኛቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ለጤናው፣ አንዳንዱ ለዕረፍቱ፣ አንዳንዱም ለዕውቀቱ ወይም ለነፍሱ ሲል ውሃ ወዳለበት ይጓዛል። እንግዳው በበዛ ቁጥር ግን ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ እንግዳው ያየውን «እኔ አገኘሁት» ሲል ባለቤቱ ማን ይሆናል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለእንግዳው ሲባል የሚሠራው መንገድና ሕንፃ ቦታውን ያለማዋል ወይስ ያጠፋዋል የሚል ነው። የግሽ ዓባይ ታሪክ ለሁለቱም ጥያቄዎች ትምህርት ስለሚሰጥ፣ በተለይ በመንገድ፣ በውሃና በከተማ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች ሊያውቁት የሚገባ ነው።

በጦር የተለካ ምንጭ

ስለ ግሽ ዓባይ በጽሑፍ ዝርዝር መግለጫ ትተው ካለፉት አውሮፓውያን መካከል ቀዳሚው ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው እስፓኛዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነው። ፓኤዝ በ1564 በእስፓኝ አገር ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት በመጀመሪያ ያደረገው ሙከራ አልሰመረም፤ በመንገድ ተማርኮ በየመን ምድር ሰባት ዓመት ያህል በእስርና በግዞት ቆየ። ከተዋጀ በኋላም ተስፋ ሳይቆርጥ በ1603 በምጽዋ በኩል ገባ። አማርኛና ግእዝ ተማረ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድም ሞገስን አገኘ።

ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ፓኤዝ ከንጉሠ ነገሥቱና ከሠራዊታቸው ጋር ሰከላ ላይ ነበረ። ያየውን ሲገልጽ ክብ የሆኑ ሁለት የውሃ ዐይኖች እንዳሉ ይናገራል። በዐይን አይቶ ብቻ አልተወውም፤ ጥልቀታቸውን በጦር ለካ። በአንደኛው ዐይን ጦሩ ከታች ሥር የመሰለ ነገር ሲነካ፣ በሁለተኛው ግን ሁለት ጦሮችን በገመድ አጋጥሞ ቢሰድም ወለሉን አላገኘም። ዘመናዊ መሣሪያ በሌለበት ዘመን የተደረገ ቢሆንም፣ ይህ በዓባይ ምንጭ ላይ በጽሑፍ ከተመዘገቡት ልኬቶች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። ወንዙ ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ከገባ በኋላ፣ ተመልሶ ጎጃምን እንደሚከብም ፓኤዝ ተረድቶ ነበር።

ፓኤዝ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ የቀደመውም ሃይማኖት ተመለሰ። ፓኤዝ በፖርቱጋልኛ የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ ግን ሳይታተም ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆየ። ስለ ምንጩ የጻፈው ክፍል በ1652 በአትናቴዎስ ኪርከር የላቲን መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅሶ ቢታወቅም፣ ሙሉው ሥራ የታተመው በ1905 እና በ1906 ነበር። ከእርሱ በኋላ ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦም ምንጩን አይቶ ጽፏል።

ሁለት እንግዶች፣ አንድ ክርክር

ከፓኤዝ 152 ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ደረሰ። ዘመኑ የራስ ሚካኤል ስሑልና የዳሞቱ ፋሲል ጠብ የጦፈበት ስለነበር መንገዱ ሰላም አልነበረውም። ብሩስ ወደ ምንጩ ሲቃረብ የአካባቢው ሰዎች አንድ ግዴታ አቀረቡለት፤ ወደ ረግረጉ የሚወርድ ሁሉ ጫማውን ማውለቅ ነበረበት። እርሱም አውልቆ ቁልቁል ሮጠ። በምንጩ አጠገብ ቆሞ በጽዋ ውሃ ቀድቶ የአገሩን ንጉሥ የጆርጅ ሣልሳዊን ስም እየጠራ ጠጣ። ቀጥሎም መሣሪያውን ተክሎ የቦታውን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ ሰሜን ሲል መዘገበ። ይህ አኃዝ ዛሬ በሳተላይት ከሚገኘው ልኬት ጋር የተቀራረበ መሆኑ የብሩስን ጥንቃቄ ያስመሰግናል።

ይሁን እንጂ ብሩስ በ1790 መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ሲያሳትም፣ ምንጩን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እርሱ እንደሆነ ለማሳመን ሲል ፓኤዝ ቦታውን አላየም ብሎ ተከራከረ። የፓኤዝ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ በታተመ ጊዜ የብሩስ ክርክር ወደቀ። በልኬቱ ትክክለኛ የነበረው ሰው በታሪክ ምስክርነቱ ተረታ። ለመሐንዲስ የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ ብቻ ከቁጥሩ ጋር የተያያዘው አባባል ሁሉ ትክክል ይሆናል ማለት አይቻልም።

ሁለቱ እንግዶች ግን ሳያስቡት አንድ ነገር በጋራ መስክረዋል። ፓኤዝ ወደ ምንጩ የደረሰው ንጉሠ ነገሥቱን አጅቦ ነው፤ ንጉሡም ሠራዊቱም የት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር። ብሩስም ቢሆን በመሪ ተመርቶ ነው የሄደው፤ በቦታውም «ክፍለ ዓባይ» በሚል መጠሪያ የሚታወቅ የምንጩን ጠባቂ አግኝቶ አነጋግሯል። በአካባቢው የሚኖሩት አገዎች ምንጩን በታላቅ ክብር እንደሚያዩትም ጽፏል። ጠባቂ የተሾመለት፣ ሥርዓት የተሠራለት፣ ጫማ የሚወለቅለት ነገር «ተገኘ» ሊባል አይችልም። እንግዲህ ክርክሩ ከሁለት እንግዶች ማን ቀድሞ ቤት ገባ የሚል እንጂ የቤቱን ባለቤት የሚመለከት አልነበረም።

የባለቤቱ ታሪክ

ባለቤቱ የራሱ ታሪክ አለው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 የኢትዮጵያን ምድር ይከባል የተባለው ግዮን በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ ዓባይ እንደሆነ ይታመናል። ከላይ እንደተጠቀሰው ወንዙ ጎጃምን ከሦስት ማዕዘን ከብቦ የሚሄድ በመሆኑ፣ ይህ እምነት ካርታውን ለሚመለከት ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም።

በግሽ የሚከበሩት ጻድቅ አቡነ ዘርአ ብሩክ ናቸው፤ በዓላቸውም ጥር 13 ቀን ይውላል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ ጻድቁ በንጉሥ ወታደሮች ተይዘው ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ። ከዘመናት በኋላ ሲመለሱ ወንዙን መጻሕፍቴን መልስ ቢሉት፣ ውሃ ሳይነካቸው አንድም ሳይጎድል መለሰላቸው። የቦታው ስምም ከዚህ ጋር ተያይዞ ይተረጎማል። ታሪኩን ከምሥጢሩ ለይቶ በልማዳዊ ፍቺው ብቻ ብናየው እንኳ የሚናገረው ስለ አደራ ነው። ሕዝቡ ምንጩን ያየው እንደሚወሰድ ነገር ሳይሆን እንደሚጠበቅ አደራ ነው። ዛሬም ከሩቅም ከቅርብም ጠበል ፈልጎ ወደ ስፍራው የሚወጣው ሕመምተኛ ከፓኤዝና ከብሩስ ይልቅ በቁጥር የበዛ፣ በዘመንም የቀደመ እንግዳ ነው።

ውሃ ከተማ ሲወልድ

ውሃ ከተማ እንደሚወልድ ከአገራችን ታሪክ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ አዲስ አበባ ተወለደች። መኳንንቱ ተከትለው ሠፈሩ፤ ገበያውም፣ ግብሩም፣ መንገዱም ተከተለ።

በእስፓኝ ጠረፍም የሆነው ይኸው ነው። ሳን ሴባስቲያን በግንብ የታጠረች የጦር ከተማ ነበረች። ንግሥት ኢዛቤላ ዳግማዊት በ1845 በሐኪሞች ምክር ለባሕር መታጠቢያ ወደዚያ ወረዱ። በ1863 የከተማይቱ ግንብ መፍረስ ጀመረ፤ በዓመቱ የባቡር ሐዲድ ገባ፤ በ1893 ንግሥት ማሪያ ክሪስቲና የበጋ ቤተ መንግሥታቸውን አሠሩ። ሐኪም መከረ፣ ንግሥት ሄደች፣ መሐንዲስ ግንብ አፍርሶ ሐዲድ ዘረጋ፤ ከተማይቱም የእንግዳ ከተማ ሆነች። በዚያው አገር በምሥራቅ ጠረፍ ያለችው ቤኒዶርም ደግሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1956 የከተማ ፕላን ወጣላት፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረደረባት ሆነች። እንጀራ የወጣለት ሰው ብዙ ነው፤ የቀድሞዋን መንደር ግን ዛሬ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ግሽ ንጉሥ ሄዷል፤ ሕመምተኛም አላቋረጠም። ታዲያ ግሽ ለምን ሌላ ሳን ሴባስቲያን አልሆነችም? አንደኛው ምክንያት መንገድ ነው። የነጋዴው መንገድ በቡሬ አድርጎ ወደ ዓባይ መሻገሪያ ሲያልፍ፣ ደጋውን ወደ ጎን ትቶት ነበር። ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት ግን የስፍራው ሥርዓት ነው። ንግሥቲቱ ወደ ባሕሩ የወረዱት ሊታጠቡ፣ ሊዝናኑ ነው፤ ወደ ግሽ የሚወጣው ግን ጫማውን አውልቆ ነው። ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ላይ ሆቴል አይቆምም።

የመንገዱ ዘመን

ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ቡሬና ደምበጫ የጦር ምሽግ ሆኑ። በምዕራብ ጎጃም እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉት አርበኞች ጠላትን በየምሽጉ ወስነው ያዙት። የሰከላ ደጋም ሌላ ዓይነት እንግዳ ተቀበለ፤ ኖቬምበር 20 ቀን 1940 ሜጀር ኦርድ ዊንጌት በአነስተኛ አውሮፕላን እዚያው አርፎ፣ ቀድሞ ከገባው ከኮሎኔል ሳንድፎርድ ጋር ተማከረ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ የአገራቸውን ድንበር ተሻገሩ። ከሁለት ሺህ የማይበልጠው የጌድዮን ጦር ከአርበኞች ጋር ተባብሮ ብዙ እጥፍ የሚሆነውን የጣሊያን ሠራዊት እያዋከበ ገፋው። ቡሬ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ተለቀቀ፤ በደምበጫ አጠገብም ብርቱ ውጊያ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከእርሳቸው ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው።

ስሙ ምኞትም አደራም ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ሲቀሰቀስ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ይህችው የሰላም መንገድ የተባለች ከተማ ነበረች። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የመንገደኛውም እግር አጠረ። መንገድ አስፋልት ስለለበሰ ብቻ መንገድ አይሆንም፤ ሰው ሳይፈራ ሲሄድበት ነው። በዚህ ረገድ የ1770 መንገደኛና የዛሬው መንገደኛ ችግራቸው ይመሳሰላል።

ምንጭ ማለት ምን ማለት ነው?

ለውሃ ባለሙያ «የዓባይ ምንጭ» የሚለው ቃል ራሱ ምርመራ ያሻዋል። ከግሽ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ይገባል። ጣና ግን ርብን፣ ጉማራንና መገጭንም ይቀበላል። ከጣና የሚወጣው ውሃ ደግሞ ዓባይ ሱዳን ጠረፍ ሲደርስ ከሚይዘው ውስጥ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የሚበዛው ውሃ የሚገባው ከጣና በታች ነው፤ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ደዴሳ፣ ዳቡስና በለስ ይመጡበታል። ከጎጃምም ፈጣም፣ ላህ፣ ብርና ጨሞጋ ወደ ዓባይ ያፈሳሉ።

እዚህ ላይ አስገራሚ ነገር አለ። በሰከላ ደጋ በስተሰሜን የዘነበው ጠብታ ጣና ገብቶ፣ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወርዶ፣ ጎጃምን በስተምሥራቅና በስተደቡብ ዞሮ ይሄዳል። ከከፍታው ወደ ደቡብ የወረደው ጠብታ ግን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ድልድዮች ሥር አልፎ በአጭር ጉዞ ዓባይን ያገኘዋል። ያው ዝናብ፣ ያው ደጋ፣ ሁለት መንገድ። መሐንዲሱ በፍኖተ ሰላም ድልድይ ላይ ቆሞ የሚያየው ደፍራሽ የክረምት ውሃ ከግሽ ዐይን ባልተናነሰ ዓባይ ነው።

እንዲህ ከሆነ የግሽ ክብር ከንቱ ነውን? አይደለም። ልኬቱ የሚነግረን ውሃው ከየት እንደሚበዛ ነው፤ ሕዝቡ የሚነግረን ደግሞ ውሃ ከመነሻው መከበር እንዳለበት ነው። ሁለቱ አይጣሉም። ይልቁንም ለግሽ የሚሰጠው ክብር ለእያንዳንዱ ገባር ራስጌ ቢሰጥ ኖሮ፣ በየክረምቱ ከደጋው ታጥቦ የሚሄደው አፈር ባልበዛ ነበር።

የዓባይ የፖለቲካ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሜይ 15 ቀን 1902 በተፈረመው ውል ዐፄ ምኒልክ፣ ከብሪታንያና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። እንግዳው ምንጩን «አገኘሁ» ካለ በኋላ ውሃውንም በወረቀት ይዞ ነበር። ከ1958 እስከ 1964 በአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ባለሙያዎችና በኢትዮጵያ መንግሥት ትብብር የተካሄደው ጥናት በዓባይ ላይ ግድብ የሚሠራባቸውን ስፍራዎች ለየ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1,780 ሜትር፣ የሚይዘውም ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በግሽ ራስጌ አካባቢ ደግሞ የግልገል ዓባይ ገባር የሆነው ቆጋ ተገድቦ፣ በመራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲለማበት ታቅዶ ተሠርቷል። ሁለቱም ግድቦች፣ ትልቁም ትንሹም፣ አንድ የጋራ ጠላት አላቸው፤ ከደጋው የሚታጠበው አፈር።

ለመሐንዲሱ የቀረ ሥራ

ሰላም ሲጸና ወደ ግሽ የሚወጣው እንግዳ መብዛቱ አይቀርም። ምእመኑም፣ አገሩን ሊያይ የሚወጣው ወጣትም፣ የውጭ ጎብኚም ይመጣል። ያን ጊዜ መንገድ ይሠፋ፣ ማደሪያ ይሠራ፣ ውሃ ይሳብ መባሉ የማይቀር ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሰከላ ገበሬም ከእንግዳው የሚያገኘው ጥቅም ሊኖር ይገባል። ነገር ግን የቤኒዶርም ትምህርት እንዳይረሳ ያስፈልጋል፤ ፕላኑ ከወጣ በኋላ የተበላሸውን መመለስ አይቻልም።

ጥሩው ነገር የመጀመሪያው የፕላን ደንብ በሕዝቡ ተደንግጎ መገኘቱ ነው። ጫማ የሚወለቅበት ድንበር ለመሐንዲሱም ድንበር ሊሆን ይችላል። የመኪና መንገዱ ከዚያ ርቆ ይቁም። ማቆሚያውና መጸዳጃው ከምንጩ ቁልቁለት በታች እንጂ ከራሱ በላይ አይሠራ። ለከተማው የሚሳበው ውሃ ከዐይኑ ሳይሆን ከታች ይሳብ። ረግረጉን አደርቃለሁ ብሎ ቦይ መቅደድ ምንጩን ራሱን ማድረቅ ሊሆን ስለሚችል፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ሳይጠና አንድም አካፋ አይነሣ። በዙሪያውም ውሃ የሚመጠው ባሕር ዛፍ ሳይሆን ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይተከል። ማደሪያውና ምግብ ቤቱ ደግሞ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ቢሆን፣ እንግዳው እዚያ አድሮ ወደ ደጋው ቢወጣና ቢመለስ፣ ገቢው ለሁለቱ ከተሞችና ለገበያቸው ይሆናል፤ ምንጩም ዕረፍት ያገኛል።

ይህን ሁሉ ከመወሰን በፊት ግን ካህናቱን፣ ሽማግሌዎቹንና ገበሬውን መጠየቅ ይቀድማል። ፓኤዝ በጦር፣ ብሩስ በመሣሪያ ለካ፤ ሁለቱም የምንጩን ጠባቂዎች ያገኙት በእንግድነት ነበር። የዛሬው ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ የሚለየው መሣሪያው ስለተሻለ ብቻ አይደለም። የጠባቂውን ቋንቋ ይናገራል፤ አደራውም የእርሱ ጭምር ነው። ስለሆነም ከመለካቱ በፊት ሊጠይቅ፣ ከሠራም በኋላ ሊጠየቅ ይገባዋል።